ማዶ ያለው ባሕር

ሰው ሲለምነኝ «አልችልም» ብዬ አላውቅም። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። «አልችልም» ለማለት ትንሽ ድፍረት ያስፈልጋል፤ «ችግር የለም» ለማለት ግን አፍ ካለህ ይበቃል። እኔ ደግሞ አፍ አለኝ። የዘመድ ሠርግ ላይ «ቪዲዮ ቅረጽልን» ሲሉኝ «ችግር የለም» ብዬ የሙሽሮቹን ጫማ ብቻ ቀርጬ መጥቻለሁ። የጎረቤት ፍሪጅ እምቢ ሲል «ችግር የለም፣ እኔ አየዋለሁ» ብዬ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ያ ፍሪጅ ጫማ ይደረደርበታል። ይሄ ሁሉ ግን ይሳቅበታል፣ ይረሳል። አሁን የማወራችሁን ነገር ግን እስካሁን አልረሳሁትም፤ መሳቁንም ቢሆን የምስቀው ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ ነው።

መጀመሪያ እንዴት ሰዓሊ እንደተባልኩ ልንገራችሁ። የምሠራው ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ጀርባ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ይሸናል። ኃላፊያችን አንድ ቀን «እጅ ጽሑፉ የሚያምር ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ አየ። «ችግር የለም» አልኩ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ያ አልበቃ ብሎኝ ከጎኑ የሚሸና ሰው ሥዬ ላዩ ላይ ኤክስ አደረግሁበት። ሥዕሉ ዝናው ወጣ። ድሮ ሳይሸና ያልፍ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይና ይስቅ ጀመር፤ ከቆመ አይቀር ደግሞ ይሸናል። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤትም በሰፈርም ስሜ «ሰዓሊው» ሆነ።

ሰፈሬ ካዛንቺስ ነበር። ነበር የምለው አሁን ስለሌለ ነው። እኔና ባለቤቴ ትርሲት ከእትዬ በለጡ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር ነበር የምንኖረው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ይማርዎት» እል ነበር። እትዬ በለጡ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ፤ እሳቸው ከከተማ ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኛ ቂርቆስ አካባቢ ኪራይ ቤት አገኘን። ልንለያይ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረን በሬን አንኳኩ።

«አንተ ሰዓሊ ነህ አይደል?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሰዓሊ…»

«ያንን የሽንቱን ነገር የሣልከው አንተ አይደለህም?»

«እሱማ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ» አሉና ተቀመጡ። ከዳዊታቸው ገጾች መሀል ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ሰፋ የምትል ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። አንድ ወጣት ሰውዬ ባሕር ዳርቻ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከፀሐይ ጨፈን አድርጎ እየሳቀ ወደ እኛ ያያል። ጋሽ ተካ ናቸው፣ ባላቸው። አሰብ ወደብ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ፎቶዋን ያነሱት ራሳቸው እትዬ በለጡ ናቸው፣ በጎረቤት ካሜራ፤ በሕይወታቸው ያነሱት አንድ ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ የሰማንያ ሦስቱ ግርግር መጣ። ጋሽ ተካ ሚስታቸውን ከሰው ጋር የጭነት መኪና ላይ አሳፈሩና «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ቁልፉን አስረክቤ እመጣለሁ» አሉ። ማን ቁልፍ እንደተረከባቸው እግዜር ይወቅ። አልመጡም። ይሙቱ ይኑሩ ወሬያቸው ጠፋ። መልካቸው የቀረው እዚያች ፎቶ ላይ ብቻ ነው።

«ይቺን ትልቅ አድርገህ ሣልልኝ» አሉኝ። «ግድግዳ የሚያክል አድርገህ። ዓይኔን እንደምታውቀው ሞራ ጋርዶታል። ፊቱ ደመና ሆኖብኛል ልጄ። ትንሿን ማየት አቅቶኛል፣ ትልቁ ግን አያመልጠኝም።»

«እትዬ፣ ዓይንዎን ለምን አይሠሩትም? ሐኪሙ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ብሎዎት የለ?»

«ዓይኔን በስለት? ሞቼ ነው! በቃ አንተ ሣልልኝ።»

እዚህ ላይ ነበር «አልችልም» ማለት የነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ምላሴን ቢቆርጠኝ ምን አለበት! «ችግር የለም» አልኩ።

ወረቀት ከየት ይመጣል? ከመሥሪያ ቤት ነዋ። መሥሪያ ቤት ባለበት ሥልጠና አለ፣ ሥልጠና ባለበት ፍሊፕ ቻርት አለ። ሠልጣኞች በቡድን በማርከር የጻፉባቸው ትልልቅ ወረቀቶች ተጠቅልለው ካቢኔ ላይ አቧራ ይጠጣሉ፤ ከተጻፉ በኋላ ያነበባቸው ሰው የለም። ጸሐፊዋን ብጠይቃት «ችግር የለም» አለችኝ፤ እሷንም እኔ ሳላስተምራት አልቀርም። ስምንቱን ወሰድኩ፣ ባዶውን ጎን ወደ ፊት አድርጌ በኮላ አያያዝኳቸው፣ ላይና ታች ጣውላ መታሁባቸው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ሆነ። ትርሲት እጇን አጣጥፋ አየችኝ።

«አንተ፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«ላንጋኖ…»

«ላንጋኖ ሐይቅ ነው።»

«ውሃ አይደል? ውሃ ውሃ ነው።»

ልጅ ሆነን በውሃ ቀለም እንደምንሥል ትዝ አለኝና ለገሃር አካባቢ ወዳለ ቀለም ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ደርባባ ሰውዬ ነው።

«ውሃ ቀለም አለ?»

«ሞልቷል። ለውስጥ ነው ለውጭ?»

ግራ ገባኝ። ሥዕሉ የሚሰቀለው ውስጥ ነው፤ ባሕሩ ያለው ግን ውጭ ነው። «ለሁለቱም የሚሆን የለም?» አልኩት።

«ስንት ካሬ ነው?»

«ሁለት በአንድ ተኩል።»

«ሽንት ቤት ነው?»

«ባሕር ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀና አየኝ። «መዋኛ ከሆነ እንኳ ዘይት ቀለም ነው የሚሻልህ። ውሃ ቀለም ውሃ አይችልም።»

«ግዴለም፣ ውሃ ቀለም ነው የፈለግሁት» አልኩ፤ አዋቂ ነኝ እኮ። አንድ ጋሎን ነጭ፣ አንድ ጋሎን ሰማያዊ ተሸክሜ ተመለስኩ። የሰዓሊዎቹ ውሃ ቀለም በትንንሽ ሳጥን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንደሚሸጥ፣ የተሸከምኩት ደግሞ የግድግዳ ቀለም እንደሆነ የነገረችኝ ትርሲት ናት፤ ያውም ክዳኑን ከከፈትኩት በኋላ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ስሙ አንድ ነው! «ውሃ ካበዛሁበት ውሃ ቀለም ይሆናል» አልኩና ባልዲ ሙሉ ውሃ አበዛሁበት።

ወረቀቱን የግቢው ቆርቆሮ አጥር ላይ ሰቀልኩና ቅዳሜ ከሰዓት ጀመርኩ። ሰማዩ ምንም አላለም። ወደ ባሕሩ ወርጄ ወረቀቱ እርጥበት ሲጠግብ ግን ከውሃው መሀል ጥቁር ነገር ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ዓሣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እየቆየ ፊደል ሆነ፤ ያውም የተገለበጠ ፊደል። ትርሲት የእጅ መስታወቷን ይዛ መጥታ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጠችና በመስታወቱ አነበበችልኝ።

«ተግዳሮቶች ይላል።»

«ምን?»

«ተ-ግ-ዳ-ሮ-ቶች። ባሕርህ ተግዳሮቶች አሉበት።»

የማርከሩ ቀለም ከጀርባ ሰርስሮ ወጥቶ ነው። ተግዳሮቶች ላይ መርከብ ሠራሁበት። ትንሽ ቆይቶ «የቡድን ሁለት አባላት» ብቅ አለ፤ እሱም ላይ መርከብ። «ከሻይ ዕረፍት በኋላ» ሲመጣ ደግሞ ትልቅ መርከብ አስፈለገኝ። እስኪመሽ ድረስ አሥራ አንድ መርከብ ሆነ።

እትዬ በለጡ በየቀኑ እየመጡ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ቀርበው ያያሉ።

«ሰማያዊ አይደለም» ይላሉ።

«ታዲያ ምን ዓይነት ነው እትዬ?»

«የባሕር ቀለም ነዋ!»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

«ጠዋት ሌላ ነው፣ ቀትር ላይ ሌላ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ተካ ሥራ ሊገባ ሲል። የዚያን ሰዓቱ ያቃጥላል። አንተ የሠራኸው አያቃጥልም፤ ይሄ የታክሲ ሰማያዊ ነው።»

ነጭ ስጨምር ሻሽ ሆነ ይላሉ፤ ጥቁር ጠብ ሳደርግ ደፈረሰ ይላሉ። በመጨረሻ ቢቸግራቸው «ጨው ጨው ማለት አለበት» አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ያለኝን የማደርግ ሰው ነኝ፤ ማድቤት ገብቼ ሁለት እፍኝ ጨው አምጥቼ ባልዲው ውስጥ ጨመርኩ። ትርሲት ጮኸች። እትዬ በለጡ ግን ቀለሙ ሲደርቅ በጣታቸው ነኩት፣ ጣታቸውን ቀመሱት፣ ቆም ብለው አሰቡና «አሁን ተቃረበ» አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰዓሊ ሆኜ አላውቅም።

ፎቶዋ ላይ ከባሕሩ በላይ ያለው ክፍል ነጭ ነው፣ ምንም አይታይም። ፎቶው ደብዝዞ ማዶው ጠፍቶበት ነው ብዬ ገመትኩ። «ባሕር ማዶ» እየተባለ አይደል እንዴ ያደግነው? «እገሌ ባሕር ማዶ ሄደ፣ እገሊት ከባሕር ማዶ መጣች።» ማዶ ከሌለው ቃሉ ከየት መጣ? ስለዚህ በራሴ ሥልጣን ከባሕሩ ወዲያ ማዶውን ሠራሁለት፤ ላንጋኖ እንዳየሁት፣ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ከሥሩ ጥቂት ግራር። አምሮብኝ ነበር። ማንንም አላማከርኩም።

የቀሩት ጋሽ ተካ ብቻ ነበሩ።

ሐሙስ ከሥራ እንደመጣሁ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ፊታቸውን ልጀምር ተነሳሁ። ፎቶዋን ደህና አድርጌ እንዳያት ከፊቴ አጥሩ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳት። ከሥሯ ባልዲው አለ። አሁን እናንተ ሁላችሁም የሚሆነው ገብቷችኋል፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ነፋስ መጣ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ መቆንጠጫው ተከፈተ፣ ፎቶዋ ጨውና ቀለም ውስጥ ገባች።

አውጥቼ ሳላሻት እንዲሁ ባደርቃት፣ ምናልባት ትተርፍ ነበር። በኋላ የጠየቅሁት ፎቶ አንሺ እንደዚያ ነው ያለኝ። እኔ ግን በድንጋጤ አወጣኋትና ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ሰማያዊው አልለቅም ሲለኝ መሐረቤን አውጥቼ አሸሁት። ልጥረግ ብዬ። መሐረቡን ሳነሳው ጋሽ ተካ አብረው ተነሱ። ፊታቸው፣ ሳቃቸው፣ ወገባቸው ላይ ያለው እጅ ሁሉ ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ መሐረቤ ላይ ቀረ። ፎቶዋ ላይ የተረፈው ባሕሩና ሁለት ጫማ ብቻ ነው።

ቁጭ አልኩ። ትርሲት መጥታ መሐረቡን አየች፣ ፎቶዋን አየች፣ እኔን አየች። ልክ ልኬን ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሂድና ንገራቸው» አለችኝ።

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ዛሬ ብትነግራቸው ሳታስበው የደረሰ አደጋ ነው። ነገ ከሆነ ግን ውሸት ነው።»

ተነሳሁ። በራቸው አሥር እርምጃ አይሞላም። አንኳኳሁ። ከፈቱልኝና ኮቴዬን ለይተው «ፊቱን ጀመርከው እንዴ?» አሉ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው። አፌን ከፈትኩ። አፈር ልብላ፣ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ።

«ችግር የለም እትዬ፣ እየተሠራ ነው።»

ፊት ከየት ላምጣ? ልሞክር ብዬ በሐሳቤ ሣልኳቸው፤ ኃላፊያችንን መሰሉ። አጠፋሁና ደገምኩት፤ ያ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የሠራሁት ኤክስ ያለበት ሰውዬ ሆኑ። በመጨረሻ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አዞርኳቸው። ጋሽ ተካ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ኮፍያ አድርገው፣ ባሕሩን ያያሉ።

እትዬ በለጡ የለቀቁ ቀን ሥዕሉን እንደ ሰሌን ጠቅልዬ ከአልጋቸውና ከቁም ሳጥናቸው ጋር አይሱዙ ላይ ጫንኩት። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜ ወጣሁ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ዕቃ ሳይስተካከል ወንበር አስጠጉና እጃቸውን ባሕሩ ላይ አሳለፉ።

«ተካስ የታለ?»

«ይኸው፣ እዚህ ጋ፣ ዳር ላይ።»

ቀረቡ። በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። «ፊቱስ?»

«ባሕሩን እያየ ነው እትዬ።»

«ፎቶው ላይ እኮ እኔን ነበር የሚያየኝ።»

«ያው… ሥዕል ሲሆን እንዲህ ይደረጋል፣ ማለቴ…»

«ይሁን፣ አንተ ታውቃለህ። ፎቶዬን መልስልኝ በቃ።»

ፎቶዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እምላችኋለሁ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ነክቷታል። ከዚያ አፌ እጄን ቀደመው፤ «እንዳትጠፋብዎት ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ ከሥዕሉ ጀርባ ለጥፌያታለሁ። እዚያው ትቀመጥ» አልኩ።

«አበጀህ!» አሉ። «አበጀህ ልጄ፣ እኔ ዘንድማ ትጠፋ ነበር።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ሁለት ታክሲ ይዤ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ትርሲት «ዛሬ ትነግራቸዋለህ?» ትለኛለች፤ «ዛሬማ» እላታለሁ። እሳቸው ሻይ ያፈሉልኛል። ቁጭ ብለን ስናወራ የሥዕሉን ጥግ በመዳፋቸው ቸብ ያደርጉታል፣ ሰው ትከሻ እንደሚነካው። እኔ ሻዬን እያየሁ ስኳር አማስላለሁ። ክረምት ሲገባ ጨው ስላለበት ባሕሩ ያልበው ጀመር፤ «አየህ፣ ልክ እንደ አሰብ» ይሉ ነበር ደስ ብሏቸው።

አንድ ሰኞ ቢሮ ደወሉልኝ።

«ዓይኔን ልሠራ ነው።»

«ምን? እትዬ ሞቼ ነው ሲሉ አልነበር?»

«ቆረጥኩ። በጣም ያማል ይሆን?»

«ኧረ ችግር የለም! ቀላል ነው፣ አይሰማዎትም።»

ፈቃድ ወስጄ ራሴ አደረስኳቸው። ሲገቡ እጄን አጥብቀው ይዘውኝ «ተካ» እያሉ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። እኔ ደግሞ በራሴ ኮርቼ ነበር። እንደ ልጅ ሆንኩላቸው፣ ጥፋቴን በዚህ ካስኩ እያልኩ። ስንት ዓመት እምቢ ያሉት ሴትዮ ምን አስቆረጣቸው ብዬ አንዴ እንኳ አልጠየቅሁም።

በሁለተኛው እሑድ ስሄድ በሩን ከመክፈታቸው ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። እጄን ይዘው ወደ ሥዕሉ ጎተቱኝ።

«ይሄ ሁሉ መርከብ ምንድነው? አሰብ በአንድ ቀን ይሄን ያህል መርከብ አይቶ አያውቅም! ይሄስ?»

«የቱ?»

«ይሄ ኮረብታ።»

«እሱ… ማዶው ነው።»

«የምን ማዶ?»

«ባሕር ማዶ ይባል የለ እትዬ? እኔ ባሕር አላየሁም፣ ላንጋኖን ነው…»

ወንበር ላይ ወደቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ልጄ፣ ባሕር እኮ ማዶው አይታይም! ማዶው ቢታየኝማ እንዲህ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር?» እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሞኝነቴ ብቻ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት፤ ለእሱስ ለምጃለሁ።

እንባቸውን ጠረጉና ተነሱ። «በል አሁን አውርደው።»

«ምኑን?»

«ሥዕሉን ነዋ። ፎቶዬን አውጣልኝ።»

«ዛሬ እንኳ መዶሻ አልያዝኩም፣ ጣውላው…» ስል እሳቸው ራሳቸው ጣውላውን ከሚስማሩ አውርደው ሥዕሉን ገለበጡት። ጀርባው ታየ። ላስቲክ የለም፣ ፎቶ የለም። በማርከር የተጻፈ ፍሊፕ ቻርት ብቻ ነው። እትዬ በለጡ ከብዙ ዓመት በኋላ ያለ ሰው እርዳታ ማንበባቸው ነበርና ጣታቸውን በየፊደሉ ላይ እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ተግዳሮቶች። አንደኛ፣ የበጀት እጥረት። ሁለተኛ፣ የቅንጅት ማነስ። ሦስተኛ፣ ችግሮችን በወቅቱ… ሪፖርት አለማድረግ።»

ዞሩ። «ፎቶዬስ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሴ ተለይታ አታውቅም። ባልዲውንም፣ መሐረቡንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንዱን እንኳ አላስቀረሁም። በዚያ በአዲሱ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው አዩዋት። ባሕሩን አዩ። ሁለቱን ጫማ አዩ። ከጫማው በላይ ያለውን ነጭ ነገር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ያህል ጊዜ አልነበረም ማለት ነው?» አሉ። «ቸብ ቸብ ሳደርገው?»

«አልነበረም እትዬ።»

«ለምን ይመስልሃል ዓይኔን የተሠራሁት?»

በምን ዓይኔ ልያቸው? ወለሉን አየሁ፤ የወለሉን ሴራሚክ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ ዛሬ። ቢጮሁ ደስ ባለኝ። ውጣልኝ ቢሉኝ ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቅስ ነበር። ፎቶዋን ዳዊታቸው መሀል መለሷት። መጥተው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ቀና በል» አሉኝ።

አልቻልኩም።

«ቀና በል እንጂ። የከፈልኩበት ዓይን ነው፤ ያለውን ሰው ልይበት።»

ቀና አልኩ። ፊቴን እንደዚያ ቀርቦ ያየው ሰው የለም። ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ጆሮዬ አጠገብ ያለውን ፀጉር፣ ሁሉንም ቀስ ብለው አዩት። እጃቸው ተነስቶ ጉንጬ ላይ ደረሰ፤ በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሸብተሃል እኮ» አሉ። «ለእኔ ልጅ እንደሆንክ ነበር የቀረኸው።» እጃቸውን መለሱ። «እሱም እኮ ይሸብት ነበር ይሄኔ።»

ሥዕሉን እንደ ነበረ መልሼ እንድሰቅለው ነገሩኝ፤ ሰቀልኩት። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው «የዛሬ ሳምንት ትመጣለህ?» አሉ። አፌን ከፈትኩ። ያቺ «ችግር የለም» ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር፤ መልሼ ዋጥኳትና «እመጣለሁ» አልኩ።